ባቡሩ ሲሳካ ሳያይ ያለፈው ሩዶልፍ ዲዝል

በእኛ ትምህርት ክፍል ውስጥ እንደ ዲዝል ደጋግመን የምንጠራው የሰው ስም ያለ አይመስለኝም። ዲዝል ሞተር እንላለን፣ ዲዝል ፓምፕ እንላለን፣ ዲዝል ጄኔሬተር እንላለን። ነዳጁን ግን አገሬው ናፍጣ ብሎ ስለሚጠራው፣ ዲዝል የሚለው ቃል የማሽን ዓይነት ብቻ ይመስለናል። እናትና አባት የነበረው፣ የታመመ፣ ሀብት አግኝቶ የከሰረ ሰው ስም መሆኑ ትዝ አይለንም። ከቦሌ ሚካኤል ወደ ቀለበት መንገዱ ወጣ ብሎ ለአምስት ደቂቃ የቆመ ሰው ከአይሱዙው እስከ ሲኖትራኩ ድረስ የዚህን ሰው ሥራ ይሰማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከትልልቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ የሚነሣው ጉርምርምታ የእርሱው ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የሩዶልፍ ዲዝልን ሕይወት ለማቅረብ እሞክራለሁ። በተለይ የማተኩረው ሞተሩን ባቡር ላይ ለማዋል በተደረገው ሙከራ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ እርሱ ሲወራ ሞተሩን መፈልሰፉና በባሕር ላይ መጥፋቱ ይነሣና ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን ለእኛ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ትልቁ ትምህርት ያለው በባቡሩ ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ልጅነቱ

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ግን ጀርመናውያን ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር ከባቫሪያ ወደ ፓሪስ መጥቶ በቆዳ ሥራ የሚተዳደር የእጅ ባለሙያ ሲሆን፣ ልጁ የተሠራውን ዕቃ በጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። ከዚህ ሲተርፈው ደግሞ በፓሪስ ወደሚገኘው የቴክኒክ ሙዚየም እየሄደ የቆዩ ማሽኖችን ማየት ይወድ ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመናውያን አገር እንዲለቁ ተደረገ። ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮ አልሞላ ሲል የ12 ዓመቱ ሩዶልፍ ብቻውን ወደ አውግስቡርግ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ተላከ። ተቀብሎ ያሳደገው ዘመዱ የሒሳብ መምህር ነበር። ልጁ ከፓሪስ ይዞት የመጣው ፈረንሳይኛና ለማሽን ያለው ፍቅር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በ14 ዓመቱ መሐንዲስ መሆን እንደሚፈልግ ለወላጆቹ ጻፈላቸው። በ1873 ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ መሠረታዊ ትምህርቱን ጨረሰ። በ1875 ደግሞ በሙኒክ ፖሊቴክኒክ በነፃ እንዲማር ዕድል ሲሰጠው፣ ወላጆቹ ቶሎ ሥራ ይዞ እንዲያግዛቸው ቢፈልጉም እርሱ ትምህርቱን መረጠ።

ሐሳቡ የተፀነሰው ክፍል ውስጥ ነው

በሙኒክ ከመምህራኑ አንዱ ካርል ፎን ሊንደ ነበር። ሊንደ የማቀዝቀዣ ማሽን አባት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1878 ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር፣ በዚያን ዘመን ምርጥ የሚባለው የእንፋሎት ማሽን እንኳን ከከሰሉ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ቢበዛ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ እንደሆነ አስረዳ። የቀረው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ በቦይለሩ ይባክናል፣ ከተጠቀሙበት እንፋሎት ጋር ይጠፋል። ዲዝል ይህን ሲሰማ፣ ሳዲ ካርኖ የተባለው ፈረንሳዊ በወረቀት ላይ ያሳየውን ከፍተኛ ውጤት በተግባር ማግኘት አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ በደብተሩ ኅዳግ ላይ ጻፈ። እንግዲህ የሕይወቱ ሥራ የተጀመረው እዚያች የደብተር ጠርዝ ላይ ነው። እኛ ደብተራችን ዳር ላይ ምን እንደምንጽፍ እናውቀዋለን።

በ1879 የመጨረሻ ፈተናውን ሊወስድ ሲል በታይፎይድ ታመመና ፈተናው አለፈው። ቀጣዩ ፈተና እስኪደርስ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ስዊዘርላንድ ውስጥ ዊንተርቱር በሚባል ከተማ በሚገኘው የዙልሰር ወንድማማቾች ፋብሪካ ገብቶ በእጁ ሠራ። ይህን የከተማና የፋብሪካ ስም አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ። በጃንዋሪ 1880 ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ።

ከምረቃ በኋላ ሊንደ ፓሪስ ውስጥ በነበረው የበረዶ ፋብሪካ ቀጠረው፤ በአንድ ዓመት ጊዜም ሥራ አስኪያጅ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸ የተባለች ጀርመናዊት አገባና ሦስት ልጆች ወለዱ። ቀን ቀን በረዶ ይሠራል፣ ማታ ማታ የራሱን ሞተር ያስባል። በመጀመሪያ በአሞኒያ ትነት የሚሠራ ሞተር ለመሥራት ለዓመታት ለፋ፤ አልሆነም። በ1890 ወደ በርሊን ተዛወረ።

ካንዴላ የሌለው ሞተር

የአሞኒያው ሥራ አለመሳካቱ ወደ ሌላ ሐሳብ መራው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ እንደሚያቃጥል ያውቃል። እንግዲያውስ አየሩን ብቻ በሲሊንደር ውስጥ በጣም ብንጨምቀውና ነዳጁን በመጨረሻው ሰዓት ብንረጭበት፣ ያለ ካንዴላ በራሱ ይነድ የለም ወይ? የቤንዚን ሞተር ነዳጅና አየሩን አስቀድሞ ስለሚያቀላቅል አብዝቶ መጭመቅ አይችልም፤ ካለጊዜው ይነሣበታል። ንጹሕ አየር ብቻ የሚጨምቅ ሞተር ግን ይህ ስጋት የለበትም። ብዙ በተጨመቀ ቁጥር ደግሞ ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው ይበዛል። የዲዝል ሞተር ትርፍ እዚህ ላይ ነው።

ፓተንቱን ያስገባው በፌብሩዋሪ 1892 ሲሆን፣ በ1893 ተፈቀደለት፤ በዚያው ዓመት ሐሳቡን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። የአውግስቡርግ የማሽን ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ ገንዘብና ቦታ ሰጡት። ነገር ግን በወረቀት ላይ ያሰበው ግፊት በዚያን ጊዜ ብረት የሚቻል አልነበረም። ነዳጁ በሲሊንደር ውስጥ እንዴት መንደድ እንዳለበት የነበረውን ሐሳብም በሥራ ላይ ሳለ መለወጥ ግድ ሆነበት። በኋላ ተቀናቃኞቹ ይህን ልዩነት እያነሡ፣ የሠራኸው ሞተር ፓተንት ያወጣህበት አይደለም እያሉ ከሰውታል፤ ክርክሩም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ አልለቀቀውም።

ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ነዳጁ ሲነሣ የግፊት መለኪያው ተሰባብሮ ተበተነ። ሰው ባይሞትም ከሞት ለጥቂት ነበር። ያም ሆኖ ሐሳቡ እንደሚሠራ ታየ፤ ነዳጁ ያለ ካንዴላ ነደደ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ኃይል ዞረ። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ሊንደር የሚባለው መካኒክ እንደነበር ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ሞተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ነበር፤ አሁን ግን ሞተሩ ቺንጋውን መጎተት መጀመሩን ሲያይ ምንም ሳይናገር ቆቡን አውልቆ አክብሮቱን ገለጸ።

ከዚያ በኋላ እንኳን ሌላ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሬተር ከሙኒክ መጥቶ ሞተሩን በይፋ ለካ። ወደ 20 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ኃይል የነበረው ይህ ሞተር የነዳጁን ሙቀት 26.2 በመቶ ወደ ሥራ ለወጠ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ከተናገረለት የእንፋሎት ማሽን ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከደብተር ጠርዝ እስከዚህ ቀን 19 ዓመት አለፈ።

ሀብትና ሕመም

ከ1897 በኋላ ገንዘቡ ጎረፈ። የቢራ ጠማቂው አዶልፈስ ቡሽ የአሜሪካንና የካናዳን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛው። በ1898 ደግሞ መብቶቹን በሙሉ የሚይዝ ኩባንያ ተቋቁሞ ለዲዝል 3.5 ሚሊዮን ማርክ ተመደበለት። በሙኒክ ትልቅ ቪላ ሠራ።

ችግሩ ግን ሞተሩ ገና ለገበያ ያልበሰለ መሆኑ ነበር። በባለሙያ እጅ ፋብሪካ ውስጥ የሠራው ሞተር ገዢው ዘንድ ሲደርስ ይቆም ጀመር፤ የተመለሱም ነበሩ። ዲዝል በ1898 በድካም ታሞ የሕክምና ተቋም ገባ። ገንዘቡንም በመሬት ግዢና በሌሎች ንግዶች ላይ አፍስሶ አከሰረው። ሰውየው ሙቀት እንዳይባክን ሲጨነቅ የኖረውን ያህል ገንዘቡ እንዳይባክን አልተጨነቀም ማለት ይቻላል።

ቢሆንም ሞተሩ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት አገኘ። እዚያው ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት አነስተኛ ዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ስትሠራ ታይታለች። ዲዝል በዚህ ሐሳብ በኋለኛው ዘመኑ በጣም ይደሰት ነበር፤ ከሰልና ፔትሮሊየም የሌላቸው አገሮች ከራሳቸው እርሻ ነዳጅ ሊያገኙ ይችላሉ ብሎ ያምን ነበር። በ1903 ደግሞ ሠራተኞች በጋራ ገንዘብ የራሳቸውን ፋብሪካ እንዲይዙ የሚመክር መጽሐፍ አሳተመ፤ የገዛው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ባቡሩ ለምን አስቸገረ?

ሞተሩ በፋብሪካ፣ ከዚያም በመርከብ ላይ ቦታውን ያዘ። የቀረው ባቡር ነበር። በዚያን ዘመን የዓለም የየብስ ትራንስፖርት ማለት ባቡር ስለነበር፣ ባቡሩን ያሸነፈ ሁሉን አሸነፈ።

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? የእንፋሎት ማሽን ቆሞ እያለ ሙሉ ኃይሉን መስጠት ይችላል። እንፋሎቱን ፒስተኑ ላይ መልቀቅ ብቻ ነው። ዲዝል ሞተር ግን ካልዞረ ኃይል የለውም፤ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ይጠፋል። መኪና ላይ ይህን የምንፈታው በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ነው። ነገር ግን በመቶዎች ቶን የሚቆጠር ባቡር ለማስነሣት የሚችል ፍሪሲዮንና ካምቢዮ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

በ1906 ዲዝል፣ የባቡር መሐንዲሱ አዶልፍ ክሎዘና የዙልሰር ኩባንያ ሆነው ለዚሁ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁት ፋብሪካ ይኸው ነው። ሞተሩ በዊንተርቱር ተሠራ፤ ሌላው የሎኮሞቲቩ ክፍል በበርሊን በቦርዚግ ፋብሪካ ተሠራ። ካምቢዮ ስላልነበረ ሞተሩ ከመንኮራኩሮቹ ጋር በቀጥታ ተገናኘ። ለመነሻ የታመቀ አየር በሲሊንደሮቹ ውስጥ ይለቀቅና ባቡሩ ጥቂት ፍጥነት ሲያገኝ ነዳጅ ይገባ ነበር።

በ1912 ይህ ሎኮሞቲቭ ከዊንተርቱር ወደ ሮማንስሆርን በሚወስደው መስመር ላይ ተፈተነ። ይህ መስመር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ያልፋል። ፍራውንፌልድ ማለት ደግሞ የዐፄ ምኒልክ አማካሪና የጅቡቲ ባቡር ሥራ ቀስቃሽ የነበረው የአልፍሬድ ኢልግ የትውልድ ከተማ ናት። የዓለም የመጀመሪያው ትልቅ ዲዝል ሎኮሞቲቭ በኢልግ የትውልድ ከተማ ሲያልፍ፣ የእኛው ሐዲድ በእንፋሎት ባቡር እየተሠራበት ወደ አዲስ አበባ እየተጠጋ ነበር።

ሎኮሞቲቩ በ1913 ወደ በርሊን ሄደ። ነገር ግን በታመቀ አየር መነሣት አስተማማኝ አልሆነም፤ አካሎቹም በተደጋጋሚ ተሰበሩ። ብዙም ሳያገለግል በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ቆሞ ቀረ፤ በኋላም ተበታትኖ ለብረት ዋለ። ዲዝል ግን ይህን አላየም።

የመጨረሻው ጉዞ

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ዲዝል ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ የምትሄድ ድሬስደን የምትባል መርከብ ላይ ተሳፈረ። ለንደን ውስጥ ስብሰባ ነበረው። ከጓደኞቹ ጋር እራት በልቶ፣ ጠዋት በማለዳ እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ሲታይ አልጋው አልተተኛበትም። ካፖርቱና ቆቡ ከመርከቡ አጥር ሥር ተጣጥፈው ተገኙ። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አንዲት የደች ጀልባ በባሕሩ ላይ አስከሬን አገኘች፤ መርከበኞቹ በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች አውጥተው አስከሬኑን ለባሕሩ መለሱት። ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን ልጁ ኦይገን አረጋገጠ።

ስለ አሟሟቱ ብዙ ተብሏል። ተገድሏል ያሉ አሉ፣ ስለ ሰላዮች ያወሩ አሉ። ገንዘቡ ማለቁና ዕዳው መብዛቱ በኋላ ስለታወቀ ግን ብዙዎቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ራሱን አጥፍቷል ወደሚለው ያደላሉ። እርግጡን የሚያውቀው ባሕሩ ብቻ ነው። ዕድሜው 55 ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጣው

የባቡሩን ችግር የፈቱት ሌሎች ናቸው። አንደኛው መንገድ በኤሌክትሪክ ነው። ሞተሩ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ኤሌክትሪኩ ደግሞ መንኮራኩሮቹን የሚያዞሩ ሞተሮችን ያንቀሳቅሳል። በ1924 ሩሲያዊው ዩሪ ሎሞኖሶቭ በዚህ መንገድ የሚሠራ ሎኮሞቲቭ ጀርመን ውስጥ አሠራ። ሁለተኛው መንገድ በፈሳሽ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፌቲንገር በ1905 ፓተንት ያወጣበትን ሐሳብ በመጠቀም፣ ሞተሩ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ መንኮራኩሩን የሚያዞረውን ተርባይን ይገፋል። አውቶማቲክ መኪና ላይ ቶርክ ኮንቨርተር ብለን የምንማረው የዚሁ ዝርያ ነው። ጀርመኖች በተለይ ይህን መንገድ መረጡ። በ1935 የመጀመሪያው ትልቅ ሎኮሞቲቭ በዚህ ዓይነት ተሠራ። በ1953 ቪ 200 የተባለው፣ ከ1968 ጀምሮ ደግሞ 218 የተባለው ዓይነት ወጣ። ይህ 218 ወደ 400 የሚጠጋ ቁጥር ተሠርቶ፣ አንዱ ሎኮሞቲቭ መንገደኛም ጭነትም እየጎተተ በሰዓት እስከ 140 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሆነ። የምዕራብ ጀርመን የባቡር ድርጅት በ1977 እንፋሎትን ሙሉ በሙሉ ተሰናበተ። ዲዝል ያለመው ነገር ከሞተ ከ64 ዓመት በኋላ በገዛ ቋንቋው አገር ተፈጸመ ማለት ነው።

በእኛም አገር ታሪኩ ይመሳሰላል። የጅቡቲው መስመር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የእንፋሎት ባቡር ከነዳጁ ሌላ ብዙ ውኃ ይጠጣል፤ መስመሩ ግን የሚያልፈው ውኃ በሚቸግርበት ቆላ ነው። ዲዝል ሎኮሞቲቭ ውኃ ፍለጋ አይቆምም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዲዝል እንፋሎትን እየተካ ሄደ፤ የፈረንሳዩ አልስቶም የሠራቸው ሎኮሞቲቮች ለገሃር ሲገቡና ሲወጡ ያደጉ ብዙ የአዲስ አበባ ሰዎች አሉ። አሮጌው መስመር ከተዳከመ በኋላ በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማችን ቀላል ባቡርም እንዲሁ። በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል።

እንግዲህ ጥያቄው ለእኛ ነው

በዚህ ምክንያት በተማሪዎች መካከል የዲዝል ሞተር ትምህርት ጊዜው አልፎበታል የሚል ወሬ እሰማለሁ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ የብዙዎቻችን እንጀራ ያለው እዚያ ላይ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከጅቡቲ ዕቃ የሚጭነው ተሳቢ፣ የሚያርሰው ትራክተርና የሚቆፍረው ዶዘር በአንድ ጀንበር ናፍጣ አይተዉም፤ የሚጠግናቸው ሰው ለዓመታት ያስፈልጋል። ግን መልሱ ይኼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉን ባልጻፍኩት።

የዲዝል ሕይወት የሚያሳየን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው የተነሣው ለናፍጣ ፍቅር ብሎ አይደለም። የተነሣው ከምንከፍልበት ነዳጅ ምን ያህሉ ሥራ ይሠራል፣ ምን ያህሉስ ይባክናል ብሎ ነው። በ1878 ይህ ጥያቄ እንፋሎትን እንዲቃወም አደረገው። ዛሬ ያው ጥያቄ ወደ ኤሌክትሪክ ቢመራን፣ መምህሩን ከደነው ማለት አይደለም፤ ተከተልነው ማለት ነው። ደግሞም ሞተሩን ባቡር ላይ ያዋለው ዲዝል ብቻውን አይደለም፤ በሞተሩና በመንኮራኩሩ መካከል ያለውን ክፍተት የሞሉት ስማቸውን የማናነሣቸው የካምቢዮና የጄኔሬተር ሰዎች ናቸው። አዲስ ነገር ወደ አገራችን በመጣ ቁጥር እንዲህ ዓይነት ክፍተት ይፈጠራል። የኤሌክትሪክ መኪናው ቦሌ ሚካኤል መንደር ውስጥ ሲቆም ማን ይጠግነዋል? ባትሪው ሲደክም ማን ይፈታዋል?

ዲዝል ትልቁን ሐሳብ አመጣ፤ በመንኮራኩሩ በኩል የቀረውን ሥራ ሌሎች ጨረሱት። የእኛ ትምህርት ክፍል ሥራ በአብዛኛው በዚያ በኩል ያለው ይመስለኛል፤ ሥራውም ቢሆን የሚናቅ አይደለም።